መለኪያው 95 አለ እንጂ «ሞታለች» አላለም

ከሰበታ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሌላው አንባቢም እንዲከታተለን በአጭሩ ላስቀምጠው። አባትሽ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። ገጠር ለገጠር የዞሩባትን ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ጡረታ ሲወጡ ከመሥሪያ ቤታቸው በጨረታ ገዟት። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ካረፉ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ዲቲዋም ያን ጊዜ ሁሉ ጓሮ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቆማለች። አሁን አንቺና ወንድምሽ ቅዳሜና እሁድ እየሠራችሁ ልታስነሷት አስባችኋል። አንድ መካኒክ መጥቶ ኮምፕሬሽን ለካና መለኪያው 95 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ሲል «ይቺ ሞታለች» ብሎ ሄደ። ወንድምሽ ደግሞ «የሻንሲዋን ኋላ ቆርጠን ካፌ ሬሰር፣ መሪዋ ዝቅ ያለ የአስፋልት ሞተር፣ እናድርጋት፤ ሞተሯን በቻይና 150 እንቀይር» ይላል። አንቺ የምትጠይቂኝ፣ ማንን ልስማ፣ ከየትስ ልጀምር ነው።

ለጊዜው ሁለቱንም አትስሚ። ዲቲዋ መጀመሪያ አባትሽ እንደተዉዋት ሆና ትነሳ። አንድ ወር ንጂያት። ስለ ማሳመሩ ከዚያ በኋላ እናወራለን። እስከዚያ ድረስ ማንም ሰው ግራይንደር ይዞ አጠገቧ አይድረስ።

በ95ቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ደህና ሞተር በዚህ ቁጥር ምክንያት ለብረት ሰብሳቢ ሲሸጥ አይቻለሁ። የኮምፕሬሽን መለኪያ የሚያሳየው ሞተሯ ከውጭ የሳበችውን አየር ምን ያህል እንዳመቀችው ነው። የምትስበው አየር ራሱ የሳሳ ከሆነ ቁጥሩም ይወርዳል። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በባሕር ጠረፍ የከባቢ አየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ነው። እኛ ጋ ወደ 11 ይወርዳል። ሦስት አራተኛው ብቻ ነው ማለት ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። 95 ላይ 11 ደምሪ፣ 106 ይሆናል። በ14.7 አባዢና ለ11 አካፍዪ፣ 141 ተኩል ገደማ ይመጣል። ከዚያ 14.7 ቀንሺ። 127 ያህል ይቀርሻል። ያቺው ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ ብትለካ ኖሮ መለኪያው 127 አካባቢ ያሳይ ነበር። ይህ ደግሞ የሞተች ሞተር ቁጥር አይደለም። ለዚያውም 11 ዓመት ቆማ፣ ሲሊንደሯ ደርቆ፣ በቀዝቃዛው ተለክታ። ጋራዡ የሚያውቀው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፍ የመጣ ነው። መጽሐፉ ደግሞ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው።

አሁንም ድጋሚ አስለኪያት፤ በትክክል ግን። ካንዴላዋን፣ እሳት የምትሰጠዋን፣ ፍቺ። በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሪና ፔዳሉን በእጅሽ ቀስ እያልሽ አሥር ጊዜ ያህል አዙሪ። ይህ ለደረቀው ሲሊንደር ነው። ዘይቱ ግን ቁጥሩን ስለሚያሳድግ ወዲያው አትለኪ። ከታች የምነግርሽ ሁሉ ተሠርቶ፣ ሞተሯ ተነስታ፣ ሞቃ፣ ዘይቱ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ነው የሚለካው። ሲለካ ነዳጅ መስጫው እስከ ጥግ ተከፍቶ ይያዝ። ዝግ ከሆነ አየር በደንብ አትስብም፣ ቁጥሩም ይዋሻል። መለኪያው መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ፔዳሉ በኃይል ይመታ። ያ መካኒክ መስጫውን ከፍቶት ነበር? አስታውሺ። ብዙዎች ይረሱታል።

አሁን ደግሞ ያ መለኪያ ስለማያሳየው ነገር ልንገርሽ። የእኔ ጭንቀት ያለው እዚህ ነው።

ዲቲ ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ናት። እንዲህ ዓይነት ሞተር አየርና ነዳጁን መጀመሪያ ወደ ታችኛው ክፍል፣ ክራንክ ሻፍቱ ወደሚዞርበት ቤት ይስባል። ፒስተኑ ሲወርድ ከዚያ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ያ የታችኛው ቤት አየር ማስገባትም ማስወጣትም የለበትም። በግራና በቀኝ ክራንኩ ወደ ውጭ በሚወጣበት ቦታ ሁለት ክብ የጎማ ማሸጊያዎች አሉ። አውራ ጣትሽና ሌባ ጣትሽ ሲገጥሙ የሚሠሩትን ቀለበት ያህል ናቸው። ዋጋቸው ከባድ አይደለም። ግን 11 ዓመት የቆመ ጎማ ይደርቃል፣ ጠርዙ እንደ ቀንድ ይጠነክራል።

በማግኔቱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው፣ በኩል ያለው ሲያፈስ ሞተሯ ያልተፈለገ አየር ትስባለች። ነዳጁ ይሳሳል። ስታስነሺያት ሳትነኪያት ራሷ ትጮኻለች፣ መስጫውን ለቀሽም ቶሎ አትወርድም። ሰው «እንዴት ጉልበት አላት!» ይላል። እየተቃጠለች ነው እኮ። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ሲያፈስ ደግሞ የካምቢዮውን ዘይት ትጠጣለች። ከማርሚታው ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል፣ የካምቢዮው ዘይትም የት እንደሄደ ሳይታወቅ ይጎድላል።

ይህንን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው፣ እስከ ዛሬም ይከነክነኛል። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ ለአንድ መምህር ዲቲ ሠራሁ። አዲስ ፒስተን፣ አዲስ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ሲሊንደሩም ተላጥቶ፣ ማለት ውስጡ ተፍቆ ሰፍቶ። ማሸጊያዎቹን ግን አልነካኋቸውም፤ ደህና መስለውኝ። ሰውዬው ከዓለም ገና ተነስቶ በጅማ መንገድ ወጣ። ቱሉ ቦሎ ሳይደርስ ሞተሯ ነከሰች። በአይሱዙ አስጭኖ አመጣት። ፒስተኑን ሳወጣው በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተፈግፍጎ ነበር፣ አሉሚኒየሙ ሲሊንደሩ ላይ ተለጥፎ። በራሴ ወጪ እንደገና ሠራሁለት። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት የቆመ ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ማሸጊያው ሳይቀየር ከእጄ አይወጣም።

ማፍሰስ አለማፍሰሱን ማወቂያ መንገድም አለ። ካርቡራተሩንና ማርሚታውን ፍቺ። ሁለቱን ቀዳዳዎች ከብስክሌት ካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማና በላሜራ ቁራጭ ጥብቅ አድርጋችሁ ድፈኑ። በካንዴላው ቀዳዳ በኩል በእጅ ፓምፕ 6 ፒኤስአይ ያህል አየር ስጧት። ከዚያ በላይ አትጨምሩ፣ ማሸጊያውን ከቦታው ይገፋዋል። ግፊቱ ለጥቂት ደቂቃ ከቆየ ደህና ናት። ከወረደ በሳሙና ውኃ እየቀባችሁ አረፋው የሚወጣበትን ፈልጉ። በፍሪሲዮን በኩል ያለው በሽፋን ውስጥ ስለሆነ አረፋው አይታይም። እዚያ የካምቢዮውን ዘይት መሙያ ክፈቺና ጆሮሽን አስጠጊ፤ አየር ሲያፏጭ ይሰማል።

ሞተሯን ለመፍታት ስትነሱ ከሁሉ በፊት ካቻቢቴያችሁን ተመልከቱ። በድሮ የጃፓን ሞተሮች ሽፋን ላይ ያሉት ባለ መስቀል ቡሎኖች እኛ ከምናውቀው ተራ መስቀል ይለያሉ። ጄአይኤስ የሚባል የራሳቸው መለኪያ ነው። ብዙውን ጊዜ ጭንቅላታቸው ላይ ትንሽ ነጥብ ትታያለች። ተራው ካቻቢቴ እስከ ታች አይገባም። ትንሽ ስትጫኝው ያመልጥና መስቀሉን ክብ አድርጎት ይወጣል። ጥሩው ዘዴ በመዶሻ ሲመታ የሚዞረው መፍቻ ነው። ዘይት ረጭታችሁ አሳድሩት። ካልሆነ ዙሪያውን አሙቁት። ማግኔቱን ደግሞ በመዶሻ እየመታችሁ እንዳታወጡት። የዲቲ ክራንክ ሻፍት በኃይል ተጨምቆ የተገጣጠመ ነው፣ ሲመታ ከመስመሩ ይወጣል። የራሱ መጎተቻ አለው። ከሌላችሁ ከጋራዥ ተከራዩ።

ፒስተኑ መቀየር ካለበት ቅደም ተከተሉን አደራ። ፒስተን ይገዛል፣ ከዚያ ሲሊንደር ይላጣል። ብዙ ሰው ቶርኖ ቤት ሮጦ ያስልጥና በኋላ ፒስተን ፍለጋ ይወጣል። ልኩ ሳይገኝ ሲቀር ሲሊንደሩ ባከነ ማለት ነው። የአሮጌውን ፒስተን አናት ጥረጊና ተመልከቺ። 0.25 ወይም 0.50 የሚል ቁጥር ካለበት ከዚህ በፊት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተልጧል። አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልለሽ አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ይዘሽው ሂጂ። ፎቶ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። የፒኑን ውፍረት፣ ከፒኑ እስከ አናቱ ያለውን ቁመት፣ የፋሻውን ቦታ ጎን ለጎን አስተያዪ። «ያው ነው፣ ይገባል» ለሚል ሻጭ ካሊፐር አውጪለት።

ሲሊንደሩ ከቶርኖ ቤት ሲመለስ ጣትሽን ወደ ውስጥ አስገቢና የመስኮቶቹን ጠርዝ ዳስሺ። እነዚያ የጭስና የነዳጅ መተላለፊያ ቀዳዳዎች ሲሊንደሩ ከተላጠ በኋላ ጠርዛቸው እንደ ምላጭ ይሆናል። እንዲያ ሆኖ ከተገጠመ ፋሻው ይይዘውና ይሰበራል። ጠርዙ በሞረድና በሸካራ ወረቀት መለዘብ አለበት። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ካላሳሰብሻቸው ግን የሚዘሉት አሉ። ሲገጠም በፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫው ይዙር። የፒኑ ሁለት ትንንሽ ማቆሚያ ሽቦዎች አዲስ ይሁኑ። ስትገጥሙም የታችኛውን ቤት አፍ በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ። ያቺ ሽቦ ፈትለክ ብላ ውስጥ ከገባች ሌላ ቀን ነው የሚያስበላችሁ።

ቀጥሎ ዘይቱ። ያማሃ ሞተሯ ነዳጅና ዘይትን ራሷ የምትቀላቅልበትን አውቶሉብ የተባለውን ዘዴ ያመጣው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ዲቲም ይህ አላት። ዘይቱ በራሱ ማስቀመጫ ይቀመጣል፣ ትንሽ ፓምፕ ደግሞ እንደ ፍጥነቷ ትመግባታለች። እኛ አገር ግን ፓምፑን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። ስለዚህ አባትሽ ዘይት ቤንዚን ውስጥ ይቀላቅሉ እንደነበር እናትሽን ወይም ጎረቤት ጠይቂ። ፓምፑ ከሌለና ንጹሕ ቤንዚን ከሞላሽላት ብዙ ሳትርቅ ትነክሳለች። ፓምፑ ካለም 11 ዓመት የቆመው ዘይት ሙጫ ሆኗል፣ ቱቦው ውስጥም አየር አለ። ማስቀመጫው ይታጠብ፣ ቱቦው ይቀየር፣ አየሩም በመልቀቂያው ቡሎን ይውጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙሌቶች ፓምፑ ቢኖርም በእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን 30 ሚሊ ሊትር የሁለት ስትሮክ ዘይት ቀላቅዪ። ትጨሳለች፣ ትጭስ። ዘይቱ ከማስቀመጫው እየጎደለ መሆኑን በዓይንሽ ስታዪ ታቆሚያለሽ።

ከፍታችን ካርቡራተሩንም ይነካዋል። አየሩ ሲሳሳ ያው ነዳጅ ይበዛባታል። ካንዴላዋ ጥቁርና እርጥብ፣ ጭሷ ብዙ፣ ዳገት ላይ ደግሞ «ቡ-ቡ-ቡ» እያለች ትታነቃለች። መፍትሔው የካርቡራተሩን ዋና ጄት፣ ነዳጁ የሚያልፍባትን ቀዳዳ ያላት ቁራጭ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ማሳነስ ነው። ግን ይህ የሚሠራው ማሸጊያዎቹ ደህና መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በሚያፈስ ሞተር ላይ ጄት ማሳነስ እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው። ጄቱን ካሳነስሽ የድሮውን በላስቲክ ጠቅልለሽ ከመሣሪያ ቦርሳው አታውጪው። ቆላ የምትወርጂ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወደ አዋሽ፣ አየሩ ስለሚወፍር የድሮው ጄት መመለስ አለበት።

ለካንዴላዋ እሳት የሚልከውን ክፍል ባጭሩ ልለፈው። የግራውን ሽፋን ስትከፍቺ ፑንቲና፣ እየተከፈተ እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳውን መገናኛ፣ ካየሽ ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ፊቱም በንጹሕ ካርቶን ይጠረግ። ፑንቲና ከሌላት ኤሌክትሮኒክ ናት፣ አትነካኩት። አዲስ ካንዴላ ግን ግዢላት።

ታንኩ ውስጡ ዝጎ ከሆነ ኮምጣጤ ሞልታችሁ ሁለት ቀን አቆዩት። ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ ታጥቦ ወዲያው ፀሐይ ላይ ይድረቅና ቤንዚን ከትንሽ ዘይት ጋር ይግባበት። ቀዳዳ ካለው ግን በፍጹም ቤት ውስጥ እንዳትበይዱት። ባዶ የመሰለ ታንክ ውስጥ የቀረው የቤንዚን ትነት ይፈነዳል።

ፍሬኖቹንም ሳትፈቱ አትንዱ። የድሮ የፍሬን ሸራ ከቆየ ከብረቱ ይላቀቅና ጎማውን ይቆልፈዋል። በውስጡ የምታገኙትን አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ጎማው ጥርሱ ያላለቀ ቢመስልም ይቀየር። ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። 2305 ቢል በ2005 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ወደ ወንድምሽ ሐሳብ ልመለስ። ፍቅሩ ይገባኛል። ካፌ ሬሰር ቆንጆ ነገር ነው። ግን የተወለደው በ1950ዎቹና 60ዎቹ እንግሊዝ አገር፣ አስፋልት ላይ ከቡና ቤት ቡና ቤት ለሚጋልቡ ወጣቶች ነው። መሪው ዝቅ ያለ፣ ጋላቢው ያጎነበሰ። ዲቲ የዚህ ተቃራኒ ናት። ያማሃ በ1968 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋን ዲቲ 1 ያወጣው አስፋልትንም ጥርጊያንም እንድትችል ብሎ ነው። የእናንተ ሰፈር ደግሞ ከዋናው መንገድ ስትወጪ ኮብል ስቶን፣ ከዚያ አቧራ፣ ክረምት ላይ ጭቃ ነው። የፊት ቸርኬዋ 21 ኢንች የሆነው ለእንዲህ ያለ ጉድጓድ ነው። ያንን ዝቅ አድርጎ ወጨጫ ሥር ባለ የጭቃ መንገድ መንዳት ወገብን ይፈጃል።

በላክሽልኝ ፎቶ ላይ እንዳየሁት አሞርቲዘሯ አንድ ብቻ ነው፣ ከታንኩ ሥር የተኛ። የኋላ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ያ ግፊት በሻንሲው አከርካሪ በኩል ወደ ፊት ይሄዳል። እዚያ አካባቢ ሠፈር ውስጥ የተበየደ ብየዳ አላምንም። ሌላም አለ። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው መሪው በሚገባበት አንገት ላይ ነው። በግራይንደር ከተፈገፈገ ወይም በስቱኮ ከተሸፈነ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር የሚመሳከር ነገር አይኖርም። ቀለም ቀቢውም ዘንድ ከመሄዷ በፊት ያን ቁጥር ፎቶ አንሺው፣ በፕላስተርም ሸፍኚው።

የቻይናው 150 መጥፎ ሞተር አይደለም። ብዙዎቹ የቻይና ሞተሮች በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣችው የሆንዳ ሲጂ 125 ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፣ እሷም ጠንካራ ነበረች። ግን ዲቲ ላይ መያዣዎቹ አይገጥሙም፣ ካቴናው መስመር አይጠብቅም፣ የኤሌክትሪክ ሥራው ሁሉ ይለወጣል። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ስላለ በሕግ ካልተስተካከለ ቦሎ ስታወጪ ትያዣለሽ።

በነገራችን ላይ ሊብሬው አሁንም በአባትሽ ስም ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ወጥቷል። በያዝሽው ታርጋ ከተማ መግባት ትችዪ እንደሆነ መንገድ ትራንስፖርት ሄደሽ ጠይቂ።

ወንድምሽ እጁ እንዳይታሰር ግን ብዙ የሚሠራው አለ። ደንቡ አንድ ነው፦ በቡሎን የሚገባ፣ በቡሎን የሚወጣ ይሁን። መቀመጫው በአዲስ ስፖንጅና ቆዳ ይሰፋ። ይህን የሶፋ ሠሪዎች አሳምረው ይሠሩታል። የፊቱ ፓራፋንጎ ከፍ ይበል፣ ጭቃ እንዳይሞላበት። መብራቷ 6 ቮልት ከሆነ ማታ ሻማ ነው። ወደ 12 መቀየር ይቻላል፤ ባትሪው፣ አምፖሉ፣ ፍሬቻውና የኃይል መቆጣጠሪያው ግን አብረው ይቀየራሉ፤ አንዱን ለውጦ ሌላውን መተው የለም። የቸርኬው ሽቦዎች ይፈተሹ፣ የላሉት ይጠበቁ። ቀለሙን ራሱ ይምረጥ።

ከመቀመጫው ኋላ ያለውን የብረት ዕቃ መጫኛ ብቻ ተዉት። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። በግራ በኩል በችኮላ የተበየደ ቁራጭ ፌሮ አለበት፣ ላዩ ላይ ደግሞ የገመድ መፋተግ የሠራው ጎድጓዳ መስመር አለ። ዘር ይሁን ማዳበሪያ፣ አባትሽ በዚያ ገመድ ለዓመታት አስረውበታል። ሲቀባም እንዳይሞረድ፣ መስመሩ ይቆይ።

ስትነሳ የመጀመሪያው ቀን ላይ አምስት ደቂቃ ብቻ አስነሺያት፣ አጥፊያት፣ እስክትበርድ ጠብቂ። ይህን ሦስት ጊዜ ድገሚ። ከዚያ ወደ ዓለም ገና ሄደሽ ተመለሺ፣ ከግማሽ በላይ ነዳጅ ሳትሰጪ። ቤት ስትደርሺ ካንዴላዋን ፈትተሽ በፀሐይ ብርሃን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ጫፉ የቡና ቀለም ከሆነ ጄቱን አንነካውም። ነጭ ከሆነ ግን ድጋሚ እንዳታስነሺያት፣ የአየሩን ግፊት ፍተሻ እንደገና እንሠራለን።